ማህተም የሌለው ሳንሱር፦ እናንተን የሚያርማችሁ ማነው?

አራሚው | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1፡10

ሰላም ለዚህ ቤት። አንድ ነገር ሲከነክነኝ ከርሞ ነው የመጣሁት።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ላይ የቅድሚያ ምርመራ በማንኛውም መልኩ የተከለከለ ነው ይላል። ከሱም በፊት የ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ ሳንሱርን አንስቶታል። በወረቀት ከሄድን ሳንሱር ከቀረ 30 ዓመት አልፎታል። ታዲያ እኔ ጋዜጣ ቤት በሠራሁበት ዘመን ሁሉ ብዕር ባነሳሁ ቁጥር «ይሄ ያስጠይቅ ይሆን?» የምለው ለምን ነበር?

ሥራዬ አራሚነት ነው። ቀይ እስክሪብቶ ይዞ ፊደል መልቀም። እያደር ግን ከፊደሉ ይልቅ ነገሩን ማረም በዛ። «ኃላፊው ገንዘብ ወሰዱ» የሚለው «ወሰዱ ተባለ» ይሆናል። ቀጥሎ «ቅሬታ ቀረበባቸው» ይሆናል። ቀጥሎ ስማቸው ይወጣል። ቀጥሎ መሥሪያ ቤቱ «አንድ ተቋም» ይባላል። ጋዜጣው ሲወጣ ስለማን እንደተጻፈ የጻፈው ልጅ ራሱ አይለየውም። ማንም አልደወለልንም። ማንም አላዘዘንም። እኛው ነን።

ደርግ ጊዜ ማህተም ነበረ ይባላል። ከተመታ አለፈ፣ ካልተመታ ቀረ። በኛ ጊዜ ማህተሙን ማን እንደያዘው አይታወቅም። እኔ ይሄኛው ይብሳል ባይ ነኝ። እናንተስ? በሥራ ቦታችሁ፣ በሰፈራችሁ፣ በቤታችሁ የሚያርማችሁ ማነው? የሰውና የመሥሪያ ቤት ስም ግን አትጥሩ፣ የመድረኩ አስተዳዳሪዎች እንዳይቸገሩ። (አዎ፣ ይቺን ስጽፍም እያረምኩ ነው።)


ዝም አይነቅዝም | 1፡22

ስሜን አይታችሁ መልሴን ገምቱ።


የመድረክ ሰው | 1፡58

ልጄ፣ ማህተሙን አቅልለህ አየኸው። እኔ በክፍለ ሀገር ኪነት ውስጥ ነበርኩ። ግጥም በታይፕ ተመትቶ ይላካል። ድራማ ከሆነ ሙሉ ጽሑፉ ይላካል። ሲመለስ አንዳንዱ ገጽ ላይ ማህተም፣ አንዳንዱ ላይ ሰረዝ ይኖራል። ለምን እንደተሰረዘ የሚነግርህ የለም።

አንዴ የፍቅር ዘፈን ልከን «ጨለማ» የምትለዋ ተሰርዛ መጣች። ልጁ ፍቅረኛውን ማታ ቆሞ ይጠብቃል እንግዲህ። ጨለማ ካልሆነ ምን ይሁን? «ምሽት» አልናት፣ አለፈች። ቁጭ ብለን ጨለማ ምን አጠፋች ስንል ከመሃላችን አንዱ «አብዮቱ እያለ ጨለማ የለማ!» አለ። ሳቅን። ሳቁ ሳያልቅ ማን ማን እንደሳቀ ተያየን። ከዚያ ሁሉም ወደ ሥራው።

ማህተም ያድናል ብለህ ደግሞ እንዳታስብ። በዓሉ ግርማ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ትልቅ ባለሥልጣን ነበር። ሳንሱሩ ያለው እዚያው ሚኒስቴር ነው። «ኦሮማይ» የተባለው ልብ ወለዱ በ1975 በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታትሞ ወጣ። በጓሮ አልወጣም፣ በፊት በር ነው የወጣው። ከዚያ ከገበያ ተለቀመ። ሰውየው ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ማህተሙ ምን ፈየደለት?


አራሚው | 2፡15

ጋሼ፣ እጅ ነስቻለሁ። ግን ይሄ ታሪክ እኔን ነው የሚያግዘኝ። በዓሉ የተቀጣው መጽሐፉ ካለፈ በኋላ ነው። የኛ ዘመን ሙሉ በሙሉ እንዲያ ሆነ። ቅድሚያ የለም፣ ሁሉም ከኋላ ነው።

ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ጋዜጠኞች ታሰሩ፣ ጋዜጦች ተዘጉ። በኅዳር 2002 «አዲስ ነገር» ጋዜጣ ቀረች፣ አዘጋጆቿ ተሰደዱ። በሚያዝያ 2006 ስድስት የዞን ዘጠኝ ጦማሪዎችና ሦስት ጋዜጠኞች በአንድ ሰሞን ተለቀሙ። በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ላይ አምስት መጽሔቶችና አንድ ጋዜጣ ተከሰሱ። አንዱም «ሳንሱር» አልተባለም። ሽብር ተባለ፣ አመፅ ማነሳሳት ተባለ። አንድ ሰው ሲታሰር ግን ውጭ የቀረነው ስንቶቻችን ነን ያስቀመጥነውን ጽሑፍ አውጥተን እንደገና ያነበብነው? ሳንሱር ክፍል ውስጥ የሚቀመጥ ሰው በቀን የሚያየው ገጽ ልክ አለው። ፍርሃት ግን ሁሉንም ገጽ ያያል፣ ደሞዝም አይጠይቅም።


አዟሪ ነበርኩ | 2፡31

እኔ ከላይ ሳይሆን ከታች ያየሁትን ልናገር። አራት ኪሎ ጋዜጣ አዞር ነበር። የገዛው ይገዛል፣ ያልቻለው ተከራይቶ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያነባል። ኪራዩ ሳንቲም ነው። አንዷ ጋዜጣ እስክትመለስ ስንቱ እጅ ይገባባታል መሰላችሁ። እጥፋቷ እየሳሳ ማታ ላይ ለሁለት ትከፈላለች።

በሚያዝያ 2004 ብርሃንና ሰላም ለጋዜጦች አዲስ የኅትመት ውል አቀረበ። አንቀጽ 10ን ያያችሁ ታስታውሳላችሁ። ማተሚያ ቤቱ «ሕግ ይጥሳል» ያለውን ጽሑፍ አላትምም ማለት ይችላል። አስቡት፣ የማሽን ባለቤት ነው አንባቢ የሆነው። ሌላ ቦታ ሂዱ እንዳይባል ያን ያህል ጋዜጣ የሚያትም ሌላ ማሽን የት አለ?

ሐምሌ ላይ ደግሞ «ፍትሕ» ጋዜጣ ሳትወጣ ቀረች። 30,000 ቅጂ ታገደ ተባለ። የጠቅላይ ሚኒስትሩን ጤና ነበር የያዘችው። ደንበኞቼ እየመጡ «የለችም?» ይላሉ። «የለችም።» «ለምን?» ዝም። ለምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፣ ግን መንገድ ላይ ማን ጮክ ብሎ ይናገር? አንድ ሽማግሌ ብቻ «እንግዲያው እውነት ነው» ብለው ሄዱ። ነሐሴ 15 ጠዋት የጠቅላይ ሚኒስትሩ ሞት በቴሌቪዥን ተነገረ።


ዝም አይነቅዝም | 2፡36

ሽማግሌው ይመቹኝ! ያልወጣን ጋዜጣ ማንበብ የሚችል አንባቢ ያለበት አገር።


ከካሜራ ጀርባ | 2፡50

የመንግሥት ሚዲያ ነው የምሠራው። የትኛው እንደሆነ ይለፈኝ። ሰው ሁሉ የሚያስበው ቢሮ ውስጥ ቀይ ስልክ ያለ ነው። እየተደወለ «ይሄን አውጣ፣ ያን አስገባ» የሚባል። ስልክ አይጠፋም፣ አልዋሽም። አብዛኛው ዜና የሚሞተው ግን በስልክ አይደለም። በ«ሚዛናዊነት» ነው።

እንዴት መሰላችሁ። ውሃ የጠፋበት ሰፈር ሄደን ቀረፅን። ጀሪካን ተደርድሯል። ሰው ተሰልፏል። ነዋሪው ምሬቱን ተናገረ። ጥሩ ዜና ነው። ቢሮ ስትመለስ ኤዲተሩ ያያል፣ ይወደዋልም። ከዚያ «የሚመለከተው አካልስ ምን አለ?» ይላል። ትክክል ነው፣ ጋዜጠኝነት ትምህርት ቤትም የሚባለው ይሄው ነው። ትደውላለህ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። በነጋታው መስክ ላይ ናቸው። ሦስተኛ ቀን «በደብዳቤ ጠይቁ» ይባላል። ደብዳቤው ይጻፋል፣ ይፈረምበታል፣ መዝገብ ቤት ይገባል። እስከዚያ ውሃው ለሁለት ቀን መጥቶ ይሄዳል። ኤዲተሩ «አሁን እኮ ውሃ መጥቷል አሉ» ይልሃል። ዜናው ሞተ። ማን ገደለው? ማንም። ከልካይም ተከልካይም የለም። ኃላፊው ያደረጉት ነገር ቢኖር ስልክ አለማንሳት ነው። በኛ ቤት ስልክ ያላነሳ ባለሥልጣን ካነሳው ይበልጣል።

ሚኒስትሩ ችግኝ ሲተክሉ ግን «የነዋሪው አስተያየትስ?» ብሎ የሚጠይቅ ኤዲተር እስካሁን አላየሁም።

ዜናው አንዳንዴ ከሞት ይነሳል። ከወር በኋላ «የውሃ ችግሩን ለመቅረፍ እየተሠራ ነው» በሚል። ያን ጊዜ ያን የድሮ ቀረፃ እናወጣዋለን። አንዲት እናት «ባለፈው መጥተው አይተውልን ነበር፣ እግዜር ይስጣቸው፤ ውሃው ግን ያው ነው» ብለው ነበር። አየር ላይ የዋለው «ባለፈው መጥተው አይተውልን ነበር፣ እግዜር ይስጣቸው» እስከሚለው ነው። የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ማንም እዚህ ጋ ቁረጥ አላለኝም። እጄ ራሱ ያውቀዋል።


የሰፈር ልጅ | 2፡58

«እግዜር ይስጣቸው» ላይ መቁረጥ!! ወይ ጉድ። ሳቄም እንባዬም መጣ።


ቆርቆሮ ጣሪያ | 3፡05

ነገር ነገርን ያነሳዋል። አባቴ ሁሌ ማታ ሦስት ሰዓት ሲል የቪኦኤን አማርኛ ይከፍት ነበር። የሬዲዮው ሽቦ በመስኮት ወጥቶ ጣሪያው ላይ ታስሮ ነበር። በ2002 ግን ጩኸት ገባበት፣ ወፍጮ ቤት የገባህ ይመስልሃል። መለስ ራሳቸው በመጋቢት ጣቢያውን ጭፍጨፋ ካነሳሳው ከሩዋንዳው ሬዲዮ ሚል ኮሊን ጋር አመሳስለው ማፈኑን ሲያምኑ አባቴ ምን አለ? «ቢያንስ አልዋሹም።» ከዚያ ሬዲዮውን ይዞ ጓሮ ወጣ። በጩኸቱ መሃል ከአሥር ቃል አራቱን እየለቀመ፣ የቀረውን ራሱ እየሞላ ያዳምጥ ነበር። ጠዋት ለጎረቤት ሲያወራ ግን አሥሩንም እንደሰማ ነው። ዜና ማፈን ይኸው ነው ትርፉ፣ የተረፈውን ሰው እንደመሰለው ይሞላዋል።


ሰላም ይቅደም | 3፡17

ሁላችሁም በአንድ ወገን ሆናችሁ። እኔ ልቃወም።

በሰኔ 2012 ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል ሻሸመኔ ነበርኩ። ከተማዋ ስትቃጠል በዓይኔ አይቻለሁ። በስልክ የሚዞረውን ጽሑፍ ብታዩት! እገሌን ግደሉ፣ የእገሌን ሱቅ አቃጥሉ የሚል ነበር። ኢንተርኔት ሦስት ሳምንት ገደማ ተዘጋ። ያኔ የተዘጋው ለክፋት ነው ብትሉኝ አልቀበልም። የተዘጋ ቀን ትንሽ ተነፈስኩ። የጥላቻ ንግግር ሕጉም (አዋጅ 1185/2012) በዚያው ዓመት ቀደም ብሎ ሲወጣ ብዙ ተተችቶ ነበር። ቤቱ ሲቃጠል ያየ ሰው ግን «ሐሳብን በነፃነት መግለጽ» ሲባል ሌላ ነገር ነው የሚሰማው። ነፃነት ለማን ነው የሚለውን አብራችሁ አንሱ።


ናፍቆት ዘመቐለ | 3፡40

ወንድሜ፣ ሻሸመኔ ላይ ያየኸውን እግዚአብሔር ለማንም አያሳይ። «ተዘግቶ ተነፈስኩ» ስትል ግን እኔ ደግሞ የኔን ልንገርህ።

ጥቅምት 2013 ላይ የመቐለ ስልክ ሲቋረጥ እኔ አዲስ አበባ ነበርኩ። ኢንተርኔት ብቻ አይደለም። ስልክ፣ ባንክ፣ መብራት። መሃል ላይ ለጥቂት ወራት ተከፈተ፣ ሰኔ ላይ ተመልሶ ጨለመ። እስከ ፕሪቶሪያው ስምምነት፣ ከሱም በኋላ ቀስ በቀስ እስኪቀጠል ድረስ የቤተሰቤን ድምፅ አልሰማሁም። ቀይ መስቀል በኩል አጭር መልእክት የደረሰው ሰው እንደ ሎተሪ ደረሰኝ ይል ነበር። የአባቴን ሞት የሰማሁት ሙት ዓመቱ ሊደርስ ሲል ነው። ለቅሶ የምቀመጥበትን ቀን እንኳ አልሰጡኝም። ይሄን «የአገልግሎት መቋረጥ» ነበር የሚሉት። እኔ ሳንሱር እለዋለሁ፣ የሰውን ሞት እንኳ ለልጁ የማያሳልፍ።


ሰላም ይቅደም | 3፡52

እህቴ፣ ነፍስ ይማር። ያልኩትን አልተውም፣ ካንቺ ጋር ግን አልከራከርም።


አስተዳዳሪ | 4፡00

ሁለት መልሶች አንስተናል። የሰው ስምና ስልክ ቁጥር ነበረባቸው። በርቱ፣ ውይይቱ ጥሩ ነው።


ዝም አይነቅዝም | 4፡01

ማህተሙ ተገኘ 😂


ታክሲ ሦስተኛ ወንበር | 4፡12

ስለ እለት ኑሮ ከሆነ እኔ መለኪያዬ ሚኒባስ ነው። በ2011 አካባቢ ታክሲ ውስጥ ሰው ድምፁን ሳይቀንስ ያወራ ነበር። ረዳቱ ሳይቀር ይከራከራል፣ ሒሳብ መቀበል ይረሳል። ያን ዓመት እስር ቤት ያለ ጋዜጠኛ የለም ተባለ፣ የዓለም የፕሬስ ቀንም አዲስ አበባ ተከበረ። ድንበር የለሽ የጋዜጠኞች ቡድን ከ150ኛ ወደ 110ኛ አወጣን። አሁን ወሬው ስለ ኑሮ ውድነት ይጀመርና «ማን ነው ያስወደደው?» የሚለው ጋ ሲደርስ ሁሉም ስልኩን ያያል። አንድ ሰው ጀምሮ ካላቆመ ደግሞ ሌላ ጥርጣሬ ይመጣል፦ «ይሄ ሰውዬ ዝም ብሎ ነው እንዲህ የሚደፍረው? የላኩት ይሆን እንዴ?» ደፋር ሁሉ ጆሮ ጠቢ ይመስለናል። አንድ ለአምስት የሚባለው አደረጃጀት ከሰፈር ቢጠፋም ከጭንቅላታችን አልወጣም።


የሰፈር ልጅ | 4፡20

የ2015ቱን አትርሱ እንጂ! ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክ፣ ዩቲዩብ ተዘጋ። የሰፈራችን ሞባይል ጠጋኝ በብር ቪፒኤን ሲጭን ነበር የከረመው። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችስ? መግለጫቸውን በተዘጋው ፌስቡክ ላይ ይለጥፉ ነበር። በምን ገብተው እንደለጠፉት እግዜር ይወቅ።


ባሕር ዳር ዳር | 4፡24

እናንተ ሐምሌ ላይ ሲከፈትላችሁ እኛ እዚያው ሐምሌ መጨረሻ ላይ ተዘጋብን። በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ቀጥ ብሎ ነው የከረመው። ተማሪ፣ ነጋዴ፣ ሁሉም ዋይፋይ ያለበት ሆቴል በረንዳ ላይ። አንድ ማኪያቶ ይዘህ ግማሽ ቀን።


ማዳም ቤት | 4፡45

ከዱባይ ነኝ። እዚህ በዋትስአፕ መጻፍ ይቻላል፣ መደወል አይቻልም። የተፈቀደው እንደ ቦቲም ያለው መተግበሪያ ነው። ቪፒኤንን ለወንጀል የተጠቀመ ከ500,000 ድርሃም ጀምሮ ይቀጣል ይላል ሕጉ። እናቴ ጋ መደወል ወንጀል ውስጥ ይቆጠር አይቆጠር የሚነግረኝ ስለሌለ አልሞክረውም። አራሚው ያልከው እንዲህ ነው መሰለኝ፣ መስመሩ የት እንዳለ ካላወቅክ በሩቁ ትቆማለህ።

ግን እውነቱን ልንገራችሁ? መስመሩ ተከፍቶልኝም አላወራም። እንቅልፍ ስንት ሰዓት እንደምተኛ፣ ደሞዝ ስንት ወር እንደዘገየ፣ ለናቴ አንድም ቀን ነግሬያት አላውቅም። «ደህና ነኝ» እላለሁ። እሷም «ደህና ነን» ትላለች። የቤቱ ኪራይ እንደጨመረ፣ ወንድሜ ሥራ እንዳቆመ የምሰማው ከጎረቤት ልጅ ነው። ሆድ ይፍጀው ብለን ሁለታችንም ደህና ነን።


የመድረክ ሰው | 4፡52

ልጄ፣ እግዚአብሔር በሰላም ያግባሽ። የኛን የኪነት ሳንሱር ሁሉ አስረሳሽኝ።


ሪሾን ለጺዮን | 5፡03

እስራኤል የወታደራዊ ሳንሱር ቢሮ በሕግ አላት። ጋዜጠኛው ስለ ጸጥታ የጻፈውን ቀድሞ ያሳያል። ስለ ኒውክሌሩ ሲጽፉ «በውጭ አገር ዘገባዎች መሠረት» ይላሉ፣ አንባቢው ይገባዋል። ተሟግቶ ፍርድ ቤት የሚሄድ ጋዜጣም አለ። የአራሚውን ነገር አየሁት፣ ቢያንስ የምትከሰው ሰው አድራሻ አለው።


ቲክቶከሯ | 5፡10

እኔን መንግሥት አርሞኝ አያውቅም። የሚያርመኝ ኮሜንት ነው። ስለ ምግብ ቪዲዮ እሠራለሁ፣ ፖለቲካ ውስጥ የለሁበትም። አንድ ቀን ስለ ቡና ሳወራ የአንድ አካባቢ ስም ጠራሁ፣ የሌላውን ሳልጠራ ቀረሁ። በቃ። የአያቴን ዘር ቆጥረው መጡ። አጎቴ ራሱ ደውሎ «ቤተሰቡን አሰደብሽ» አለኝ። አሁን ቡና ስቀዳ «የኢትዮጵያ ቡና» ብዬ አልፋለሁ። ከየት እንደመጣ አልናገርም።


አራሚው | 5፡25

ቲክቶከሯ፣ ያንቺው ከብዶኛል። ጋዜጣ ቤት ሳለሁ ከፈራሁት ሰው በሩን ዘግቼ ቤቴ እገባ ነበር። አንቺ የምትፈሪው ቤት ውስጥ ነው፣ ኪስሽ ውስጥ ነው፣ አጎትሽ ነው። ለአጎት ይግባኝ የሚባልበት ፍርድ ቤት የለም።

ሰላም ይቅደም፣ ላንተም አንድ ነገር። ግደሉ የሚለውን መከልከል ሳንሱር ነው ያለ ሰው እዚህ የለም። ችግሩ በዚያው ቁልፍ የውሃው ዜናም መቆለፉ ነው። ያቺ ጀሪካን ይዘው የቆሙ እናት ማንን አቃጠሉ?


አዟሪ ነበርኩ | 5፡31

ከካሜራ ጀርባ፣ አንድ ጥያቄ። የሴትዮዋ ሙሉ ቀረፃ አለህ? «ውሃው ግን ያው ነው» የሚለው?


ከካሜራ ጀርባ | 5፡38

አለኝ። ፍላሽ ላይ።


አዟሪ ነበርኩ | 5፡39

ታዲያ ለምን አትለጥፈውም? ስምህን ማን ያውቃል እዚህ?


ከካሜራ ጀርባ | 5፡55

ያን ቀን ቀረፃ የወጣነው ሦስት ሰዎች ነን፦ ሪፖርተሯ፣ ሹፌሩና እኔ። ቪዲዮው ከወጣ ለመቁጠር አይቸግርም። ደሞዝ በ25 ይገባል፣ የቤት ኪራይ በ30 ይከፈላል። ሹፌሩ ደግሞ አራት ልጅ አለው።